በመንገድ ላይ የሚመሰክር ካሜራ

ዕቁብ ተጥሎ፣ ብድር ተጨምሮበት የተገዛ ሚኒባስ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ወተት ላም ነው፤ ያበላል፣ ራሱም ይበላል። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የጤፍና የዘይት ወጪ ሁሉ የሚሸፈነው ከዚያች መኪና ነው። ታዲያ መኪናዋ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተጋጭታ ብትቆምና ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚናገር ቢጠፋ፣ ቤተሰቡም አብሮ ይቆማል። ሾፌሩ ባልዎ ወይም ልጅዎ ከሆነ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። ነገሩ እስኪጣራ ፖሊስ ጣቢያ የሚያድረው እሱ፣ ስንቅ የሚያመላልሱት ደግሞ እርስዎ ይሆናሉ።

ስለዚህም በዚህ ሳምንት ከወጥ ቤቱና ከሕፃናት አስተዳደግ ጥቂት ራቅ ብለን፣ በመኪና የፊት መስታወት ላይ ስለሚለጠፈው ትንሽ ካሜራ ልናወጋዎ ወደናል። ዋጋው የሚከፈለው ከቤተሰቡ ገንዘብ ስለሆነ፣ ምርጫው ለሾፌርና ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ ቡሬንና ጥሊሊን አልፎ እንጅባራ ይገባል፤ ከዚያ አዲስ ቅዳምን ተሻግሮ ዳንግላ ይደርሳል። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው የሚያሳስበውን አያጣም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብና ጭጋግ የማያጣት ከተማ ናት። በፋግታ ለኮማ በኩል ከዴከረንስ ዛፍ የተከሰለ ከሰል የሚጭኑ የጭነት መኪናዎች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ይቆማሉ። ባጃጁ አለ፤ የፈረስ ጋሪው አለ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከብቱና በጉ ሁሉ አስፋልቱን የራሱ ያደርገዋል። አዊ የፈረስ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በተለይ የፈረሰኞቹ በዓል በሚከበርበት ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያሽከረክር ሰው ዐይኑ አራት ቢሆንለት ይወዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ጋሪ ድንገት ከጎን ቢወጣና ግጭት ቢፈጠር፣ ከተሰበሰበው ሰው ውስጥ ግማሹ «መኪናው ሲበር ነበር» ይላል፤ ግማሹ ምንም አላየም።

ካሜራው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በሩሲያ ሾፌሮች በመድን ክርክር ተማርረው በየመኪናቸው ካሜራ መትከል የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በየካቲት 2005 ዓ.ም. በቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ የሰማይ ድንጋይ ሲፈነዳ፣ ዓለም ትርኢቱን ያየው በአብዛኛው በእነዚያ የመኪና ካሜራዎች ነበር። ለሰማይ ድንጋይ ያልተገዛ ካሜራ የሰማይ ድንጋይ መሰከረ ማለት ነው።

ገበያ ሲወጡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርዎ ስለ ምስሉ ጥራት ነው። «አራት ኬ ነው» ይልዎታል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ 1080 የሚባለው ጥራት ያለው፣ በሌሊትና በጭጋግ ደኅና አድርጎ የሚያይ ካሜራ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ የሌሊት ምስሉን አሳየኝ ይበሉ። ቀጥሎ የሚጠየቀው ኃይል የሚይዝበት ነገር ነው። ውስጣቸው እንደ ሞባይል ባትሪ ያላቸው አሉ፤ በባትሪ ፋንታ ካፓሲተር ያላቸውም አሉ። ከእንጅባራ ብርድ ተነሥቶ ወደ ቻግኒና ወደ ፓዌ ቆላ ለሚወርድ መኪና ካፓሲተር ያለው ይሻላል። በፀሐይ የጋለ መስታወት ላይ የተለጠፈ ባትሪ ያብጣልና።

ካርዱን ደግሞ አይናቁ። ካሜራው ያለማቋረጥ እየቀዳ ካርዱ ሲሞላ የቀደመውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይጽፋል። እንደ ካሜራው ዐይነት ቢለያይም፣ አንድ ሰዓት ቅጂ ከ6 እስከ 7 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ካርድ የሚይዘው የ8 ወይም የ9 ሰዓት መንገድ ነው፤ ካሜራው የውስጡንም የሚቀዳ ከሆነ ግማሹን ብቻ። ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ ሚኒባስ ማታ እንጅባራ ሲገባ የጠዋቱ ቅጂ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ግጭት ሲፈጠር ካሜራው ንዝረቱን ተሰምቶት ያንን ክፍል ለብቻው ይቆልፈዋል፤ ቀላል ንክኪን ግን ላይቆልፍ ስለሚችል ሾፌሩ የመቆለፊያውን ቁልፍ ማወቅ አለበት። ካርዱም ለተደጋጋሚ ቅጂ የተሠራው ዐይነት ይሁን። ከልጅዎ አሮጌ ስልክ የወጣ ካርድ ለዚህ አይሆንም።

ብዙ ቤተሰቦች ካሜራውን የሚያገኙት ከገበያ ሳይሆን ከውጭ አገር ዘመድ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች፣ አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ልጆቻቸውን ይዘው ሽርሽር ሲወጡ የሚተክሉትን ዐይነት ገዝተው ይልካሉ። ስጦታው መልካም ነው፤ ሰዓቱ ግን ጣጣ አለው። እንበልና ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡15 ላይ ግጭት ሆነ። ካሜራው በትክክል ተሞልቶ ከሆነ በምስሉ ሥር የሚጽፈው 2026፣ ጃንዋሪ 31፣ 08፡15 ነው። በዋሽንግተን ሰዓት እንደተሞላ ከቀረ ግን 00፡15 ይላል። ሾፌሩ በራሱ የእጅ ሰዓት ሞልቶት ከሆነ 02፡15 ይጽፋል፤ ይህም በካሜራው አቆጣጠር ገና ሌሊት ነው። ብርሃን ወጥቶ ፀሐይ በሚታይበት ምስል ላይ የሌሊት ሰዓት ተጽፎ ሲገኝ፣ ተከራካሪው ወገን «ይህ ቅጂ የተነካካ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ስለሆነም የሰዓት ክልሉ ፕላስ 3 ላይ ይደረግ፤ ፍጥነቱም በማይል ሳይሆን በኪሎ ሜትር ይሁን። 60 የሚለውን የመብራት ምርጫ ወደ 50 ቢለውጡት ደግሞ የከተማው መብራት በቅጂው ላይ አይርገበገብም።

ወደ ተከላው እንምጣ። ቦታው ከመሐል ስፔኪዮ ኋላ፣ በመስታወቱ የላይኛው ክፍል፣ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት ላይ ነው። መጥረጊያ በማይደርስበት ጥግ የተለጠፈ ካሜራ ክረምቱን ሙሉ የሚቀዳው ውሃ ብቻ ነው። የሾፌሩንም እይታ መከለል የለበትም። በነገራችን ላይ፣ በሚኒባሶቻችን መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍና ጌጥ ከካሜራው ፊት ሲወዛወዝ የጋሪውን ፈረስ ሸፍኖት ሊገኝ ይችላልና ጌጡ ወደ ጎን ይነሣ። መስታወቱ በአልኮል ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ይለጠፍ። በእንጅባራ ማለዳ መስታወቱ ጤዛ እንደያዘ የተለጠፈ ካሜራ ዳንግላ ሳይደርስ ይወድቃል።

ገመዱ በጣሪያው ልብስ ሥር ገብቶ በበሩ ምሰሶ ወርዶ በክሩስኮቱ ሥር ያልፋል። በምሰሶው ውስጥ የአየር ከረጢት ያላት መኪና ከሆነች ገመዱ ከከረጢቱ በኋላ እንጂ በፊቱ እንዳያልፍ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይንገሩት፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ገመዱን ወደ ሰው ፊት ይወረውረዋል። ቀላሉ መንገድ ከሲጋራ መለኮሻው ኃይል መውሰድ ነው፤ ነገር ግን ረዳቱ ስልኩን ሊሞላ ሲል ይነቅለዋል፣ መልሶም አይሰካውም። ስለዚህ ከፊውዝ ሳጥኑ፣ የራሱ ፊውዝ ኖሮት ቢገናኝ ይሻላል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ አሮጌ ሚኒባሶች ገመዳቸው ብዙ ጊዜ የተቀጣጠለ ስለሆነ፣ ሥራውን ለጎረቤት ልጅ መስጠት እሳት መጥራት ነው።

መኪናዋ በቆመችበት ጊዜም እንዲቀዳ የሚፈልግ አለ። ለምሳሌ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ግሼን ምእመናን ጭና በኮንትራት የሄደች ሚኒባስ ስታድር፣ ሰዉም ውስጧ ይተኛል፤ ያን ጊዜ የሌሊት ዘበኛ አይጠላም። ሆኖም ሌሊቱን የሚቀዳ ካሜራ ባትሪውን ይመጠምጣል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ነው። ወደ 12.2 ሲወርድ ካሜራውን በራሱ የሚያጠፋ ማገናኛ ካልተገጠመ፣ ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሣው የተሳፋሪው ግፊያ ነው።

ስለ ሰዉም እናስብ። ሾፌሩ ካሜራው የሚሰልለው ከመሰለው ገመዱ በየቀኑ «በራሱ» ይነቀላል። አስቀድመው ያሳዩት፤ ቅጂውን እሱም እንዲያይ ያድርጉ። እሱን ከሐሰት ክስ የሚያድን ነውና። ካሜራው ግን እንደማያዳላ አብሮ ይነገረው፤ ከመጠን በላይ ከበረረ ያንኑ ይመሰክርበታል። የውስጡን ክፍል የሚቀዳ ካሜራ ከሆነ ደግሞ በበሩ ላይ በአማርኛና በአዊኛ ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ ድምፅ መቅጃውም ይጥፋ። ልጇን የምታጠባ እናት ሳታውቅ መቀረጿ ነውር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ የነውር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕግም ሆኗል። በተጨማሪም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ግጭት መኖሩን የማያውቅ የለም። በፍተሻ ኬላ ላይ የበራ ካሜራ ሾፌሩን ለጥርጣሬ ሊያጋልጠው ስለሚችል፣ ከመድረሱ በፊት በአንድ ጭነት የሚጠፋ ካሜራ መምረጥ ይገባል።

አደጋ ከደረሰ ተጎጂውን ማንሣት ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያ ካሜራው ይጥፋና ካርዱ ይውጣ፤ ካልወጣ በላዩ ላይ ይጻፍበታል። ቅጂው በሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ ዋናው ካርድ ግን ሳይነካ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ። ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣውን ፕላን አይተካም፤ በሕግ የተደነገገውን የሦስተኛ ወገን መድንም አይተካም፤ ለሁለቱም ማስረጃ ይጨምራል እንጂ። ቅጂውን በቴሌግራም የሚበትን ረዳት ካለ ይገሥጹት። በዚያ ምስል ላይ የወደቀው የሌላ እናት ልጅ ነው።

ተከላው እንዳለቀ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ከእንጅባራ እስከ አዲስ ቅዳም ደርሳችሁ ተመለሱ። ካርዱን አውጥተው በስልክዎ ይክፈቱትና ከፊት የነበረው መኪና ታርጋ ይነበብ እንደሆነ፣ ሰዓቱም ልክ እንደሆነ ይዩ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ መኪናዋ በምታርፍበት ቀን፣ ይህንኑ ይድገሙት፤ መስታወቱንና የካሜራውን ዐይን በንጹሕ ጨርቅ የሚወለውል ልጅ ደግሞ ከቤት አይጠፋም።