ከራስ ላይ ታጥቦ የሚወርደው

ሻምፑ፣ ኮንዲሽነር፣ የፀጉር ቅባትና ርጭት በየቤቱ የሚገኙ ምርቶች ናቸው። በሕክምናው ዘርፍ ስማቸው የሚነሣው በአብዛኛው ከራስ ቆዳ አለርጂና ከዓይን መቆጥቆጥ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ራስ ላይ የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከእጣቢው ጋር ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። በዚያ የሚኖራቸው ዕድሜ ግን ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው እጅግ ይለያያል።

አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር በውሃ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ገዳዩ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ሳፖኒን ነበር። ይኸው ንጥረ ነገር ዓሣንም ይገድላል። በሻምፑ ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ሎሬት ሰልፌትም መጠኑ ከፍ ሲል ዓሦች የሚተነፍሱበትን ስስ ሽፋን ይጎዳል። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ብቻውን ለወንዙ ዋስትና አይሆንም።

ደግነቱ ሁለቱም በቂ ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ በባክቴሪያ አማካይነት በአጭር ጊዜ ይፈራርሳሉ። እንደ አቃቂ ባለ፣ የከተማ ፍሳሽ በሚገባበትና በበጋ ውሃው በሚያንስ ወንዝ ውስጥ ግን ኦክስጅኑ ስለሚሟጠጥ ሂደቱ ይጓተታል። በዚህ ውሃ አትክልት እንደሚለማ የታወቀ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአቃቂ መበከል ከሻምፑ ይልቅ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ድርሻ እጅግ ይበልጣል።

ይበልጥ የሚያሳስቡት በቀላሉ የማይፈራርሱት ናቸው። ፀጉርን የሚያለሰልሱት ሲሊኮኖች የዚህ ወገን ሲሆኑ፣ ሳይክሎፔንታሲሎክሴን የተባለው አብዛኛው መጠኑ ወደ አየር ይተናል፤ ቀሪው በደለል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚህም ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 መጨረሻ ጀምሮ ታጥበው በሚወርዱ የመዋቢያ ምርቶች ውስጥ መጠኑ ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆን ወስኗል።

የጤና ባለሙያውን በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ ግን የሊንዴን ነው። ሊንዴን ክሎሪን አዘል ፀረ ተባይ ሲሆን፣ 1 በመቶ በሆነ ሻምፑና ሎሽን ለቅማልና ለእከክ ለብዙ ዓመታት በሐኪም ሲታዘዝ ቆይቷል። በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ወደ እናት ጡት ወተት ይገባል፤ በተለይ በሕፃናት ላይ የሚጥል መናወጥ ሊያስከትል ይችላል። አንድ 60 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 600 ሚሊ ግራም ሊንዴን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ባስቀመጠው በሊትር 2 ማይክሮ ግራም መጠን ብናሰላው፣ ይህ አንድ ጠርሙስ 300,000 ሊትር ውሃ ከገደቡ ላይ ያደርሳል። በካሊፎርኒያ በሚሠራበት በሊትር 19 ናኖ ግራም ገደብ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከ31 ሚሊዮን ሊትር ይበልጣል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ምሽት የሚያጥበው ራስ ይህን ያህል ያደርሳል ብሎ የሚገምት ያለ አይመስለኝም።

የሎስ አንጀለስ የፍሳሽ ማጣሪያ ባለሙያዎችን ያሳሰባቸውም ይኸው ነበር። ማጣሪያው ሊያስወግደው ስላልቻለ መፍትሔው ከምንጩ ማቆም ሆነ፤ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ከጥር 2002 ጀምሮ ሊንዴንን ለሕክምና መጠቀምን ከለከለች። ከዚያ በኋላ በፍሳሹ ውስጥ የነበረው መጠን በእጅጉ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው፣ ሐኪሞች ያለ መድኃኒቱ ቅማልንና እከክን ማከም አልተቸገሩም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሊንዴን በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰኑ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በወቅቱ ለቅማልና ለእከክ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ብቻ በጊዜ የተገደበ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ለቅማል 1 በመቶ ፐርሜትሪን፣ ለእከክ ደግሞ 5 በመቶ ፐርሜትሪን ወይም ቤንዚል ቤንዞኤት መተካት ይቻላል። ፐርሜትሪንም ቢሆን ለዓሣና ለንብ መርዝ ስለሆነ ትራፊው ወደ ቦይ መደፋት የለበትም፤ በአፈር ላይ ግን ከሊንዴን በጣም ቀድሞ ይፈራርሳል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ርካሹ ዘዴ፣ ፀጉርን አርጥቦ ጥርሱ በጣም ጠባብ በሆነ ማበጠሪያ በየጥቂት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ማበጠር ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቅጫሙ ሲፈለፈል የሚወጡትንም ለመልቀም ያስችላል።

ቅማል ያለበት ልጅ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ከማዘዝ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደተቀባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእርሻ ወይም ለቤት ተባይ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ራስ ላይ ተደርጎ ከሆነ፣ የልጁን የመመረዝ ምልክቶች ከመመርመር ጋር የተረፈው መርዝ የት እንዳለና እጣቢው የት እንደተደፋ፣ በተለይም ለመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቅርብ መሆን አለመሆኑን፣ ማጣራት ተገቢ ነው።