ከአገልግሎት የወጣ ራውተር ለመጠባበቂያ ኢንተርኔት

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በርካታ መሥሪያ ቤቶች፣ ፋርማሲዎች፣ የነዳጅ ማደያዎችና አነስተኛ የንግድ ተቋማት የዕለት ሥራቸውን የሚያከናውኑት በኢንተርኔት መስመር ላይ ተመርኩዘው ነው። የቴሌብር አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ እንዲሁም ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. አንስቶ በአዲስ አበባ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም ከተደረገ ወዲህ የመስመር መቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ከቀድሞው የተለየ ሆኗል። ቀደም ሲል መስመር ሲቋረጥ የሚዘገየው የኢ-ሜይል መልእክት ነበር፤ ዛሬ ግን ገዢው ገንዘብ እያለው፣ ሻጩም ዕቃ እያለው ተፋጥጠው የሚቆሙበት ሁኔታ ይፈጠራል።

በእነዚሁ ተቋማት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ካርቶን ወይም መሳቢያ ውስጥ፣ ከአገልግሎት የወጣ ራውተር አይጠፋም። የስልክ መስመሩ በፋይበር ሲተካ ወይም አዲስ መሣሪያ ሲገዛ የተቀመጠ ነው። ይህ መሣሪያ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ሥራውን የሚረከብ የመጠባበቂያ መስመር መግቢያ ሊሆን ይችላል። ሆኖም መጠባበቂያው ጠቃሚ የሚሆነው ዋናውን መስመር የጣለው ምክንያት አብሮ የማይጥለው ከሆነ ብቻ ነው።

በቅድሚያ የሁለት መሣሪያዎችን ልዩነት መገንዘብ ያስፈልጋል። ሞደም የሚለው ስያሜ ሞዱሌተር እና ዲሞዱሌተር ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ መሣሪያው በመዳብ ሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ የሚመጣውን ምልክት ኮምፒዩተር ወደሚረዳው መረጃ፣ ከኮምፒዩተር የሚወጣውንም በተቃራኒው የሚለውጥ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ የተጠቀሙ ሰዎች ሞደምን የሚያስታውሱት ስልክ ሲደውል በሚያሰማው ጩኸት ነው። ራውተር በበኩሉ ምልክት አይለውጥም፤ መረጃው በየትኛው መንገድ ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚሄድ ይወስናል። ለተጠቃሚዎች የሚታደሉት መሣሪያዎች ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቀፎ ውስጥ አጣምረው ስለሚይዙ ስሞቹ ተደበላልቀዋል። በመሆኑም ማንኛውም አሮጌ ራውተር ሞደም ይሆናል ብሎ መነሣት ስሕተት ነው።

መለያው ከመሣሪያው ጀርባ ይገኛል። ቀጭኗን የስልክ ሽቦ የሚቀበል ቀዳዳ ካለው ውስጡ የኤዲኤስኤል ወይም የቪዲኤስኤል ሞደም አለ ማለት ነው፤ የስልክ መስመሩ እስካልተነሣና ክፍያው እስካልተቋረጠ ድረስ በዚያው መስመር ላይ ይሠራል። ለፋይበር መስመር ግን አያገለግልም። የሲም ካርድ ማስገቢያ ካለው በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ሞደም ነው፤ እዚህ ላይ መሣሪያው ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑንና በአካባቢው ያለውን የሞገድ ክልል መቀበሉን ማረጋገጥ ይገባል። የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው አንዳንድ ራውተሮችም ዶንግል ተሰክቶባቸው ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ባለአምስት የኔትወርክ ቀዳዳ ብቻ ያለው ተራ ራውተር ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ይህ የመጨረሻው ዓይነት ግን ፈጽሞ አይጣልም። በርካታዎቹ ዋይፋይ ከማሠራጨት ይልቅ ከሌላ ቦታ የሚሠራጭ ዋይፋይ እንዲቀበሉ ተደርገው ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ በመሣሪያው ገጽ ላይ ይህ አሠራር የደንበኛ ወይም የዊስፕ ስልት ተብሎ ይጠቀሳል። በዚህ ጊዜ የሞደምነቱን ሥራ የሚሠራው በእጅ ያለ ስማርት ስልክ ይሆናል። ስልኩ ሆትስፖት ይከፍታል፣ አሮጌው ራውተር ሆትስፖቱን ተቀብሎ በኬብል ለዋናው ራውተር ያቀብላል። በጽሕፈት ቤቱ ያሉ ኮምፒዩተሮችም ሆኑ የክፍያ መሣሪያዎች የይለፍ ቃል መቀየር ሳያስፈልጋቸው ይቀጥላሉ። ለአነስተኛ ተቋም ከሁሉም የሚቀለውና ወጪ የማያስከትለው ዘዴ ይህ ነው፤ ጉድለቱ የስልኩ ባለቤት ለምሳ ሲወጣ መስመሩም አብሮት መውጣቱ ነው። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚቀመጥ፣ ባትሪው ቢደክምም ከቻርጀር ጋር የተያያዘ አሮጌ ስልክ መመደብ ይመረጣል።

አያያዙን በሚመለከት ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው ቀዳዳው ነው። ኬብሉ የሚወጣው ከአሮጌው ራውተር የላን ቀዳዳ ሲሆን፣ የሚገባው በዋናው ራውተር ሁለተኛ የዋን ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው አድራሻ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ ይዘው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዋናው ራውተር የውስጡንና የውጩን ኔትወርክ መለየት ስለሚያቅተው፣ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ሳለ ኢንተርኔት አይኖርም። መፍትሔው የአሮጌውን አድራሻ አስቀድሞ ወደ 192.168.2.1 መለወጥ ነው። ዋይፋይ ማሠራጫውንም ማጥፋት ይገባል፤ አለበለዚያ ሠራተኞች ሳያውቁ በመጠባበቂያው ላይ ተጣብቀው ሊውሉ ይችላሉ።

አሮጌው መሣሪያ የኤዲኤስኤል ሞደም ከሆነ የተሻለ አማራጭ አለ። ብሪጅ በተባለው ስልት ሲስተካከል የራውተርነት ሥራውን ትቶ ምልክት መለወጡን ብቻ ይይዛል፤ የአገልግሎቱን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አቅርቦ መስመሩን የሚከፍተው ዋናው ራውተር ይሆናል። በዚህም የአድራሻ ቅየራው ሁለት ጊዜ ከመደረግ ይድናል። ሁለት ጊዜ መደረጉ ለተራ የድረ ገጽ አሰሳም ሆነ ለክፍያ እምብዛም ችግር አይፈጥርም። የደኅንነት ካሜራን ከውጭ ሆኖ ለማየት ወይም ከሌላ ቅርንጫፍ ወደ ቢሮው ኮምፒዩተር ለመግባት ሲፈለግ ግን እንቅፋት ይሆናል፤ በሞባይል መስመር ላይ ደግሞ ኩባንያው ራሱ አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች የሚያጋራበት አሠራር ስላለ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት በአብዛኛው የማይቻል ነው።

መሣሪያዎቹ ከተያያዙ በኋላ የሚቀረው ዋነኛ ጉዳይ ዋናው ራውተር መስመር መቋረጡን እንዴት ያውቃል የሚለው ነው። ርካሽ የሆኑት ራውተሮች የሚያዩት ኬብሉ መሰካቱን ብቻ ነው። መንገድ ላይ ፋይበር ተቆርጦ ሳለ በክፍሉ ውስጥ ያለው የፋይበር መቀበያ መሣሪያ ኃይል እስካለው ድረስ ኬብሉ ሕያው ይመስላል፤ ራውተሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚህ የተሻሉት ቀጣዩን መሣሪያ በየጥቂት ሴኮንዱ እየጠየቁ መልስ ይጠብቃሉ። ነገር ግን ቀጣዩ መሣሪያ ያው በጠረጴዛው ላይ ያለው ሣጥን ሲሆን፣ መልሱ ሁልጊዜ አለሁ ነው።

ስለሆነም መፈተሻው ከአገልግሎት ሰጪው ኔትወርክ ባሻገር ያሉ አድራሻዎችን መጠየቅ ይኖርበታል። ለዚህ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 የተሰኙት የታወቁ አድራሻዎች ያገለግላሉ። አንዱ ብቻ ከተመረጠና እሱ ራሱ ለጊዜው ካልመለሰ መስመሩ ያለ ምክንያት ስለሚቀየር ሁለቱንም መስጠት ያስፈልጋል። በየ5 ሴኮንዱ ተጠይቆ 3 ጊዜ ተከታትሎ መልስ ከታጣ ወደ መጠባበቂያው መዛወር ለአብዛኛው ሥራ ተስማሚ ነው። ወደ ዋናው መመለስ ግን መቸኮል የለበትም። ዋናው መስመር ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይቋረጥ መቆየቱ ሳይረጋገጥ የሚመለስ ራውተር፣ በሚቆራረጥ መስመር ላይ ሲዋዥቅ ይውላል፤ እያንዳንዱ መዛወር ደግሞ በሂደት ላይ ያለውን የስልክ ጥሪም ሆነ የፋይል ዝውውር ይበጥሳል። ከውጭ የሚታየው አድራሻ ስለሚቀየር ይህ የማይቀር ነው።

ይህን ሁሉ የሚችል ራውተር በእያንዳንዱ ቢሮ እንደማይገኝ ግልጽ ነው። ሁለት የዋን መስመር የሚቀበሉ የማይክሮቲክ፣ የአሱስና የቲፒ ሊንክ ምርቶች አሉ። ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተሰኘው ነጻ ሶፍትዌርም ኤምዋን3 በተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል፤ ነገር ግን 4 ሜጋባይት ማከማቻና 32 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ያላቸው አሮጌ መሣሪያዎች የቅርብ ጊዜ እትሞቹን መሸከም አይችሉም። ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ ኬብሉን ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ መቀየር ነውር የለውም። በየኬብሉ ጫፍ ላይ በግልጽ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ፣ ጠዋት በር የሚከፍተው ሠራተኛ ሊያደርገው የሚችለው ሥራ ከሆነ፣ ባለሙያ ብቻ ከሚያውቀው ውስብስብ ቅንብር ይሻላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ መስመሮች በምን ምክንያት ይቋረጣሉ? ለመንገድ ወይም ለውኃ መስመር ሥራ በሚደረግ ቁፋሮ ኬብል ሲቆረጥ፣ የፋይበሩና የመዳቡ ሽቦ በአንድ ጉድጓድ የሚያልፉ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ፋይበርን በኤዲኤስኤል መደገፍ ላይ ላዩን ሲታይ ሁለት መስመር፣ ከመሬት በታች ግን አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። የሞባይል መስመር ከዚህ አደጋ በተወሰነ ደረጃ ነጻ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዋናውን ከአንዱ፣ መጠባበቂያውን ከሌላው ኩባንያ መውሰድ የሚቻልበት ዕድል ተፈጥሯል፤ ከዚያ በፊት ለአዲስ አበባ ተጠቃሚ ይህ ምርጫ አልነበረም። ሆኖም ሁለቱ ኩባንያዎች መሠረተ ልማት የሚጋሩበት ስምምነት ስላላቸው፣ የኩባንያው ስም መለያየቱ ብቻ ምሰሶው ወይም መስመሩ መለያየቱን አያረጋግጥም።

ከከተማም ከአገርም በላይ የሆነ መቋረጥ ሲያጋጥም ደግሞ በቢሮ ማዕዘን የተቀመጠ ራውተር የሚፈይደው አይኖርም። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የባሕር ውስጥ ኬብሎች በተቆረጡ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የኢንተርኔት አገልግሎት ታውኮ ነበር። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም ዓለም አቀፍ መስመሯን የምታገኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው።

በብዙ ቦታ ግን ዋነኛው የመቋረጥ ምክንያት ከዚህ ሁሉ ያነሰና የቀረበ ነው፤ እርሱም የመብራት መጥፋት ነው። የቀድሞው የጠረጴዛ ስልክ መብራት ጠፍቶም ይሠራ የነበረው ከስልክ ማዕከሉ በሽቦው አብሮ በሚመጣ አነስተኛ ኃይል ነበር። ራውተር፣ ሞደምና የፋይበር መቀበያ ግን ከሶኬት ይመገባሉ። ሁለት መስመር ያለው፣ ባትሪ ግን የሌለው ቢሮ መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ያጣል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ባለ12 ቮልት፣ ባለ7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ዋናው ራውተርና መጠባበቂያው በድምሩ 20 ዋት የሚወስዱ ከሆነ በወረቀት ላይ ከ4 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ያሠራቸዋል። ይሁንና የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ በዩፒኤስ በኩል ሲሆን ደግሞ ኃይሉ ሲቀየር የሚባክን አለ። ስለዚህ በተግባር የሚታሰበው ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ኮምፒዩተሮችን በዚያው ባትሪ ላይ መጨመር ይህን ጊዜ ወደ ደቂቃዎች ያወርደዋል። መብራቱ ለብዙ ሰዓታት ከጠፋ የሞባይል ምሰሶዎቹ ባትሪም የሚያልቅበት ጊዜ እንደሚመጣ ልብ ይሏል።

አሮጌ መሣሪያን ወደ ሥራ መመለስ የራሱ አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ይፋ የሆነው ቪፒኤንፊልተር የተሰኘ ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ከ500,000 የማያንሱ ራውተሮችንና የማከማቻ መሣሪያዎችን ይዞ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ አምራቾቻቸው ማሻሻያ መልቀቅ ያቆሙባቸውን ራውተሮች ወንጀለኞች ለመሸሸጊያነት እንደሚጠቀሙባቸው አስጠንቅቋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ አምራቹ የተወው ራውተር ፊት ለፊት ለኢንተርኔት ከሚጋለጥ ይልቅ በብሪጅ ስልት ከዋናው ራውተር ውጭ ምልክት ለዋጭ ብቻ ሆኖ ቢቀር ይመረጣል። ያ ካልተቻለ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሶ የመጨረሻውን ማሻሻያ መጫን፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መለወጥ፣ ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚያስችለውን አማራጭ መዝጋት ግድ ይሆናል።

መጠባበቂያው በጥቅል የተገዛ የሞባይል ዳታ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሮች በራሳቸው ጊዜ የሚያወርዷቸው ማሻሻያዎችና ወደ ደመና የሚላኩ ቅጂዎች በአንድ ከሰዓት ሊጨርሱት ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው ራውተር በመጠባበቂያው ላይ ሲሠራ ለክፍያ መሣሪያውና ለሒሳብ ክፍሉ ብቻ ቅድሚያ እንዲሰጥ፣ ሌላው እንዲገታ ማድረግ ያስፈልጋል። ሳይነካ ለወራት የተቀመጠ ሲም ደግሞ ጥቅሉ ጊዜው አልፎበት ወይም ራሱ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። በወር አንድ ቀን፣ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ የዋናውን መስመር ኬብል መንቀል፣ በአንድ የክፍያ መሣሪያ ላይ አነስተኛ ግብይት መፈጸም፣ የወሰደውን ጊዜ መመዝገብ፣ ከዚያም ኬብሉን መልሶ ሰክቶ ራውተሩ ወደ ዋናው መስመር መመለሱን ማየት ይገባል። ሙከራው ከዩፒኤሱ ጋር ሲሆን የሚነቀለው የኬብሉ ሳይሆን የሶኬቱ ነው።