ምንጩን ማን ጠጣው?

ላስ ቬጋስ ያለችው ልጄ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ፣ የልጅ ልጄ እጄን ይዞ የድሮውን የምንጭ ቦታ አሳየኝ። «እማማ፣ ላስ ቬጋስ በስፓኒሽ መስክ ማለት ነው» አለኝ። ዙሪያው ግን በረሃ ነው።

ከከተማው በስተሰሜን፣ ቱሊ ስፕሪንግስ በሚባለው ቦታ፣ ማሞዝ የተባለው የጥንት ዝሆንና የግመል አጥንት ተገኝቷል። አፈሩን ያጠኑ ባለሙያዎች እንደደረሱበት፣ በበረዶው ዘመን አየሩ ሲቀዘቅዝ ምንጩና ረግረጉ ይሰፋ ነበር። በድንገት ሲሞቅ ይደርቃል፤ ቅዝቃዜው ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል።

የከተማው ምንጭ ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ነጠፈ። ሰው የከርሰ ምድሩን ውሃ ከሚተካው በላይ ስቦት ነው።

«ታዲያ ማን ጠጣው?» ሲለኝ፣ «እኛ ትልልቆቹ» አልኩት።

ማታ ዕቃ ሳጥብ መጥቶ ቧንቧውን ዘጋብኝ።