ጉንፋኑ አለፈ ሲባል፦ በልጅ ትንፋሽና ደም ስር ላይ ምን እናስተውል?

ልጅ የምትጠብቂ እህቴ፣ ሕፃኑን ጉንፋን ይዞት ከነበረ፣ ንፍጡ ቀነሰ ብለሽ «ተሻለው» ከማለትሽ በፊት ሁለት ነገር እዪ። አንደኛው ትንፋሹ ነው። ሁለተኛው አልወርድ ያለ ወይም ሄዶ የተመለሰ ትኩሳት ነው።

ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ። ማዳም ሥራ ትሄዳለች፣ ብዙ ቤት ደግሞ ማታም ልጁ የሚተኛው ሠራተኛዋ ጋ ነው። ስለዚህ ለውጡን ቀድማ የምታይ አንቺ ነሽ። ሲብስበትም መጀመሪያ «ለምን አልነገርሽኝም?» የምትባይው አንቺው ነሽ። ምን እንደምታዪና እንዴት እንደምትናገሪ ማወቅ ልጁንም አንቺንም ይጠብቃል።

ቫይረስ ሳንባ ውስጥ ምን ይሠራል?

አብዛኛው የልጆች ጉንፋን ከቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውም በራሱ ይድናል። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ አንዳንዱ ቫይረስ ከአፍንጫ ወርዶ ወደ ሳንባ ትናንሽ ቧንቧዎች ይገባል። ከእነዚህ ዋነኛው አርኤስቪ ይባላል። ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፣ አክታም ይሞላቸዋል። የትልቅ ሰው ቧንቧ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ቢያብጥ ያልፋል። የሕፃን ቧንቧ ግን መጀመሪያውኑ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት እንኳ አየሩን ይዘጋበታል። ልጁ ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚለው ለዚህ ነው።

በሳንባው መጨረሻ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡ ትናንሽ የአየር ከረጢቶች አሉ። በየከረጢቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠኑ ደም ስሮች ተጠምጥመዋል። ደሙ ኦክስጅን የሚቀበለው እዚያ ነው። ቧንቧው ሲዘጋ ደም ስሩ የሚወስደው ኦክስጅን ያንሰዋል። ልጁ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ያንን ለማካካስ ይታገላል። ካልቻለ ከንፈሩና ምላሱ ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚከፋው በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ነው። «ትናንት ደህና ነበር» ተብሎ የሚዘናጉት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሳሉ እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ልጁ እየበላ፣ እየተጫወተ፣ ትንፋሹም ደህና ከሆነ ሳል ብቻውን አያስደነግጥም።

ትንፋሹን ቁጠሪ

ይህን ለመሥራት የስልክሽ ሰዓት ይበቃል። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገለጥ አድርጊ። ሆዱንና ደረቱን እዪ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብለሽ ቁጠሪ። 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥረሽ አታባዢ፣ ሕፃን አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያልና። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ ቁጥሩ ያሳስትሻል።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈጣን ትንፋሽ የሚለው ይህን ነው፦

- ከ2 ወር በታች ለሆነ፦ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ
- ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላልሞላው፦ 50 እና ከዚያ በላይ
- ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ

ቁጥሩ ከዚህ ካለፈ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ትንፋሹ ደህና ቢመስልም በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከወትሮው ግማሹን ያህል እንኳ ካልጠባ፣ ወይም ለ12 ሰዓት ያህል ዳይፐሩ ካልረጠበም እንደዚሁ።

ደቂቃም የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

- ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ
- በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያቃስት ከሆነ
- ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከሰመየ
- ትንፋሹ ለአፍታ እየቆመ የሚቀጥል ከሆነ
- ሲጠሩት የማይነቃ፣ ሰውነቱ የዛለ ከሆነ

ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ። ማዳም ስልክ ካላነሳች አንቺ ደውዪ፤ እየደጋገምሽ እሷን በመጥራት ጊዜ አታባክኚ። ሳዑዲ 997፣ ኤሚሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ ዮርዳኖስ 911 ነው። የቤቱን ቁጥርና የሰፈሩን ስም ከዛሬ ጀምረሽ ስልክሽ ላይ ያዢው፤ በድንጋጤ ሰዓት አይታወስም።

ትኩሳቱ 5 ቀን ከሞላ፦ የደም ስር ጉዳይ

ሰውነት ቫይረስን ሲዋጋ አንዳንዴ ውጊያው ከልክ ያልፍና የራሱን ደም ስር ያስቆጣል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ግን ካለፈ የሚጎዳው ልብን ነው።

ከእነዚህ አንዱ የካዋሳኪ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው በ1967 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ በሽታው ከጻፉት ጃፓናዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ነው። ትኩሳቱ 5 ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ በማብረጃም ብዙ አይወርድም። ከእሱ ጋር ዓይኑ ያለ ዓይናር ይቀላል፣ ከንፈሩ ይቀላል ይሰነጣጠቃል፣ ምላሱ እንደ እንጆሪ ይሆናል፣ ሰውነቱ ሽፍ ይላል፣ እጅና እግሩ ያብጣል፣ አንገቱ ላይ ዕጢ ይወጣል። ሁሉም በአንድ ቀን ላይታዩ ይችላሉ። አንዱ መጥቶ ሲጠፋ ሌላው ይመጣል። ስለዚህ ያየሽውን ሁሉ ከነቀኑ መመዝገብ ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል።

ካልታከመ ከ4 ልጆች በአንዱ ገደማ ልብን የሚመግቡት ደም ስሮች ያብጣሉ። ትኩሳቱ ከጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ሆስፒታል ገብቶ በደም ስር የሚሰጠውን መድኃኒት ካገኘ ግን አደጋው በጣም ይቀንሳል። የቀን ቆጠራው ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ኮቪድ የያዘው ልጅ ላይም ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር ሊመጣ ይችላል፤ ሐኪሞች ይህን በ2020 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው ያስተዋሉት። አገርሽቶ የመጣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ፣ ሽፍታ፣ ቀይ ዓይን፣ መድከምና ፈጣን ትንፋሽ ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ትልልቅ ልጆችንም ይይዛል። «ሆዱን ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ከሳምንታት በፊት ታሞ እንደነበር ለሐኪም መነገር አለበት።

ቤት ውስጥ የሚደረግና የማይደረግ

ጡት ወይም ወተት ጥቂት ጥቂት አድርገሽ ቶሎ ቶሎ ስጪው። ከመመገቡ በፊት አፍንጫውን በጨው ውኃ ጠብታ አጽጂለት። ከቡኹር፣ ከሺሻና ከሲጋራ ጭስ አርቂው፤ ቡኹር ሲጨስ ልጁን ሌላ ክፍል ይዘሽ መግባትሽን ማዳም በክፋት እንዳታየው ቀድመሽ ምክንያቱን ንገሪያት። አንቺም ካመመሽ ማስክ አድርጊ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

የፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ አታስጠጊው፤ ስንት ሕፃን የተቃጠለው በዚህ ነው። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማር አይሰጥም። ከሌላ ጊዜ የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጪ፤ ቫይረስን አይገድልም። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከቫይረስ ሕመም ጋር ተገናኝቶ አንጎልና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። የትኩሳት ሽሮፕም ቢሆን መጠኑን ወላጆቹ ይንገሩሽ፣ የሰጠሽበትንም ሰዓት ጻፊ። ማዳም ሰጥታው አንቺ ብትደግሚው መርዝ ይሆናል።

ለማዳም እንዴት ትነግሪያለሽ?

«ልጁ አሞታል» ብቻ አትበይ። ቁጥር ንገሪያት፦ ትኩሳት ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ስንት። ዓረብኛ ገና ለሆነችብሽ እነዚህ ይበቃሉ፦ «ነፈስ ሰሪዕ» ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ «ሐራራ ኸምስ አያም» ትኩሳት 5 ቀን፤ «ጠዋሪእ» ድንገተኛ ክፍል፤ «ኢስዓፍ» አምቡላንስ። ደረቱ ሲሰረጎድ ለማዳም አጭር ቪዲዮ መላክ ከብዙ ቃል ይበልጣል፤ ለሌላ ሰው ግን አትላኪ፣ ቲክቶክ ላይም እንዳትለጥፊ፤ በሕግ ያስጠይቅሻል።

በአፍ የነገርሻትን በዋትስአፕም ድገሚላት። ሰዓቱና ቀኑ እዚያ ላይ ይቀራል። ነገ «አልነገረችኝም» ቢመጣ ማስረጃሽ እሱ ነው።

አገር ቤት ላለው ልጅሽም

የራስሽን ልጅ እናትሽ ወይም እህትሽ እያሳደጉልሽ ከሆነ፣ ይህን የትንፋሽ ቆጠራ በስልክ አስተምሪያቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ጤና ኬላ ላይ የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው። ለሳል ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ደም በማፍሰስና በመመረዝ ልጅ ይገድላል እንጂ ሳንባን አያድንም፤ ይህን ለሚያሳድጉልሽ በግልጽ ንገሪያቸው። በሚቀጥለው ስትደውዪ ልጁ ከተኛ፣ ደረቱን በቪዲዮ ያሳዩሽና አብራችሁ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። አንዴ የቆጠረ ሰው በቀጣዩ ጉንፋን ምን እንደሚያይ ያውቃል።