ያው ጀበና፣ የተለያየ ገበያ፦ ሥራ መጀመር ለምን በአንዱ አገር ይቀላል፣ በሌላው ይከብዳል?

ጀበናው ያው ነው፤ ቡናው፣ ከሰሉ፣ ስኒውም ያው ነው። ታዲያ አንዷ እህታችን ቡና አፍልታ ምግብ ቤት ስትከፍት፣ ሌላዋ ለምን ባዶ እጇን ትቀራለች? ብዙ ጊዜ «ዕድል ነው» እንላለን። ዕድል ብቻ ግን አይደለም፤ ቦታው ራሱ ይወስናል። ሦስት ነገሮችን እንይ።

አንደኛው ሕግ ነው። ሱዳን ስደተኛው ከካምፕ ለመውጣትም ለመሥራትም ፈቃድ እንዲይዝ ትጠይቃለች። ካርቱም ውስጥ መንገድ ዳር ሻይና ቡና የሚሸጡ ሴቶች «ከሻ» በመጣ ቁጥር ምድጃና ስኒያቸው ይወሰድ ነበር። የወር ትርፍ ዕቃ ለማስመለስ ይሄዳል ማለት ነው፤ እንዲህ ሆኖ ሥራ እንዴት ያድጋል? ኡጋንዳ ግን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሕጓ ስደተኛ እንዲሠራና እንዲንቀሳቀስ ፈቅዳለች። ካምፓላ ካባላጋላ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች በግልጽ የሚሠሩት አንድም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ገበያ ነው። ኬንያም ስደተኛ ከካምፕ እንዳይወጣ ስትከለክል ኖራለች። ሆኖም በ2018 የወጣ የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ጥናት ካኩማ ካምፕ ውስጥ ከ2,000 በላይ ንግዶች እንዳሉ አሳይቷል። ከጅምላ ነጋዴዎቹም የኛ አገር ሰዎች አሉበት። ሕጉ ቢጠብም ብዙ ሰው፣ የሚዞር ገንዘብና የዕቃ መንገድ ካለ ንግድ ይበቅላል።

ሦስተኛው ሰው ነው። ባንክ ለስደተኛ በቀላሉ አያበድርም፤ ስለዚህ መነሻው ዕቁብ ነው። ሱዳኖችም የራሳቸው ዕቁብ አላቸው፣ «ሰንዱቅ» ይሉታል። አዋዲያ ማህሙድ ኮኮ ራሷ ተፈናቅላ ካርቱም የገባች ሻይ ሻጭ ነበረች። በ1990 የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን በማኅበር አደራጀች፤ በ2016 ከአሜሪካ የጀግና ሴቶች ሽልማት ተቀበለች። ለብቻ ዕቃው የተወሰደበት ሰው አልቃሽ ነው፤ ማኅበር ያለው ግን ጠያቂ አለው።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ካርቱምን ሲመታ ሱቅ ተሸክሞ የወጣ የለም። የወጣው ሙያና የሰው አመኔታ ነው።

እንግዲህ ያለችህን ጥሪት ከማውጣትህ በፊት ጠይቅ፦ ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ገዢው ገንዘብ የሚያገኘው መቼ ነው? ብወድቅ የሚያነሳኝ ዕቁብ አለ? አንዱ እንኳ መልስ ካጣ፣ በትንሽ ጀምር።