የመኪና በር ማቆሚያ፦ በጥቂት ብረት የሚሠራ፣ ተደጋጋሚ የጥገና ወጪን የሚያስቀር

የደሴ - ወልድያ አውራ ጎዳና ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ሐይቅን፣ ቀጥሎም የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል። በመስመሩ ከሚመላለሱት ሚኒባሶች፣ የጭነት መኪኖችና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች መካከል በራቸው ተጋጭቶ ወይም በዝገት ተበልቶ ባትላሜራና ቀለም የሚያስፈልጋቸው ጥቂት አይደሉም።

በአነስተኛ ጋራዦች የተለመደው አሠራር በሩን ፈትቶ በአሮጌ ጎማ ወይም በበርሜል ላይ አጋድሞ መቀባት ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ለመሥሪያ ቤቶች ተደጋጋሚ ወጪ ምክንያት ይሆናል።

የበር ዝገት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከታችኛው ጠርዝ ነው። በመስተዋቱ ጎን የሚገባው የዝናብ ውኃ በበሩ ውስጥ ወርዶ ከሥር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች መውጣት ይኖርበታል። ተጋድሞ በተቀባ በር ግን ጠርዙ ቀለም በወጉ አያገኝም፤ ቀዳዳዎቹም በስቱኮና በቀለም ይደፈናሉ። ከውጭ ሲታይ የሚያብረቀርቀው በር ውስጡ ውኃ አቁሮ ከርሞ ከክረምቱ በኋላ ቀለሙ ማበጥና መላጥ ይጀምራል። በሩ እንደገና ወደ ጋራዥ ይመለሳል፤ ክፍያውም እንዲሁ።

ቀለሙ ሜታሊክ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል። በቀለሙ ውስጥ ያሉት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች በተጋደመ ገጽና በቆመ ገጽ ላይ የሚያርፉበት አኳኋን ስለሚለያይ፣ ተጋድሞ የተቀባው በር ሲገጠም ከጎኑ ካለው አካል ጋር ሳይመሳሰል ሊቀር ይችላል። ባለንብረቱ ቀለም ቀማሚውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከቅመማው ላይሆን ይችላል።

መፍትሔው በሩን መኪናው ላይ በሚቆምበት አኳኋን ይዞ የሚያቆይ የብረት ማቆሚያ ነው። በ6 ሜትር ርዝመት ከሚሸጠው 30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ከግንባታ የተረፈ ቁርጥራጭም ያገለግላል። እያንዳንዳቸው 80 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት እግሮች ላይ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቋሚዎች ተበይደው፣ ከላይና ከታች 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር በሆኑ አግዳሚዎች ይያያዛሉ። የተረፈው ብረት ለሰያፍ መደገፊያ ይውላል። የአንድ አውቶሞቢል የፊት በር መስተዋቱ ሳይወጣ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ስለሚችል፣ እግሮቹ ከቋሚው ወደ ሁለቱም ጎን እኩል መውጣት አለባቸው።

ከላይኛው አግዳሚ በሰንሰለት የሚወርዱት መንጠቆዎች ከ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይሠራሉ። የሚገቡትም በኋላ በሚሸፈኑ ቦታዎች፣ ማለትም በማጠፊያው የብሎን ቀዳዳዎችና የቁልፉ አካል በሚቀመጥበት ክፍት ቦታ ነው። በርጭቱ ግፊት እንዳይወዛወዝ በሩ ከታች በሽቦ ይያዛል።

ለመግጠም የሚያገለግለው ማቆሚያ አጭርና ባለ ጎማ እግር ነው። በሩ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በተሸፈነ መቀመጫ ላይ ቆሞ፣ ከሥሩ ባለ ክሪክ የብሎን ቀዳዳዎቹ እስኪገጥሙ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። በሩ ከመፈታቱ በፊት የማጠፊያው ቦታ በመኪናው አካል ላይ ምልክት ከተደረገበት፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ሦስተኛው የሚያጠብቀውን ሥራ አንድ ሰው ሊፈጽመው ይችላል። የሚኒባስ ተንሸራታች በር በማጠፊያ ሳይሆን በሮለር ስለሚሄድ ለብቻው የተዘጋጀ መቀመጫ ይሻል። ረዳቱ በቀን ስንት ጊዜ ከፍቶ እንደሚወረውረው ለሚያውቅ፣ ይህ በር ከሌሎቹ ቀድሞ መጎዳቱ አያስገርምም።

ማቆሚያው የማይፈታው ችግርም አለ። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቁ የመኪና ቀለሞች አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል ስላላቸው አስም ያስከትላሉ፤ የጨርቅ መሸፈኛም አያግዳቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ቲነር ተቀጣጣይ በመሆኑ የተሰቀለው በር ከብየዳ ሥፍራ መራቅ አለበት።

በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ የጣለው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መውጣቱና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ የማቆየትን አስፈላጊነት ጨምሮታል። እንደ ደሴው ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያሉ የሥልጠና ተቋማት ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ቴክኖሎጂ የማሸጋገር ኃላፊነት ያለባቸው እንደመሆኑ፣ ይህን መሰሉ መሣሪያ ለብየዳ ሠልጣኞች ተስማሚ የልምምድ ሥራ ነው።

የተሽከርካሪ ስምሪትና ንብረት ክፍሎች በበኩላቸው በሩ ቆሞ እንዲቀባ፣ የታችኛው ጠርዝ ፀረ ዝገት እንዲያገኝና ቀዳዳዎቹ ክፍት እንዲሆኑ በሥራ ትእዛዙ ላይ ሊያሰፍሩ ይችላሉ። በርክክቡ ዕለት የሚደረገው ፍተሻ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ኩባያ ውኃ በተዘጋው መስተዋት ላይ አፍስሶ ከበሩ ሥር መንጠባጠቡን ማየት በቂ ነው።