የበጋ ስንዴ በቡና አገር፤ በየዓመቱ የሚዘራው ማሳ የሚሰፋውና የሚጠበው ለምንድን ነው?

የጅማ ከተማና የአካባቢዋ ስም ሲነሳ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቡና ነው። ይሁን እንጂ በከተማዋ በበቾ ቦሬም ሆነ በሌሎቹ ቀበሌዎች የሚኖረው ሕዝብ በየዕለቱ የሚገዛው ዳቦ የሚጋገረው ከስንዴ ነው። የዱቄት ዋጋ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ጉዳዩ የከተማውን ሸማች ብቻ ሳይሆን ቡናውን ሸጦ እህል የሚሸምተውን አርሶ አደርም ይነካል። በመሆኑም በበጋ ወራት በመስኖ የሚዘራው ስንዴ በየዓመቱ ምን ያህል መሬት እንደሚሸፍንና ስፋቱ በምን ምክንያት እንደሚለዋወጥ መረዳቱ ጠቃሚ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ስንዴ ለረጅም ዘመን በዋናነት የመኸር ሰብል ሆኖ ቆይቷል። አብዛኛው አርሶ አደር በሰኔና በሐምሌ ዘርቶ ከጥቅምት ጀምሮ ያጭዳል። በ2010 ዓ.ም የመኸር ወቅት በአገሪቱ 1 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሔክታር ገደማ መሬት በስንዴ ተሸፍኖ 46 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ምርት ተሰብስቧል። ይህ ምርት የአገር ውስጥ ፍላጎትን ባለማሟላቱ በዚያን ጊዜ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ስንዴ ከውጭ ይገባ ነበር።

ክፍተቱን ለመሙላት መንግሥት በ2011 ዓ.ም በአዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌና በሌሎች ቆላማ ተፋሰሶች የበጋ መስኖ ስንዴ ልማትን በጥቂት ሺህ ሔክታር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዕቅዱ በፍጥነት አድጓል። ለ2014 ዓ.ም 400 ሺህ ሔክታር፣ ለ2015 ዓ.ም 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሔክታር፣ ለ2016 ዓ.ም ደግሞ 3 ሚሊዮን ሔክታር ለማልማት ታቅዶ ነበር። ሥራው ከቆላው አልፎ ወደ ወይና ደጋው በመስፋፋቱ የጅማ ዞን አርሶ አደሮችም በአፋን ኦሮሞ የቦና ስንዴ የሚሉትን የበጋ ስንዴ መዝራት ጀምረዋል።

እነዚህን አኃዞች በሚገባ ለመረዳት የታቀደ፣ የታረሰ፣ የተዘራና የታጨደ መሬት አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። በሌሎች አገሮች የታየው ልምድም ይህንኑ ያሳያል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በአውሮፓውያን ጥር ወር በየዓመቱ አርሶ አደሮችን ጠይቆ በመጸው ምን ያህል መሬት በስንዴ እንደተሸፈነ ይፋ ያደርጋል። በ2015 ዓ.ም የተዘራው ወደ 15 ሚሊዮን ሔክታር የሚጠጋ ሲሆን፣ በድርቅ ምክንያት ለአጨዳ የበቃው ግን 10 ሚሊዮን ሔክታር ገደማ ብቻ ነበር። ከተዘራው አንድ ሦስተኛው ለእህልነት አልታጨደም ማለት ነው።

በጅማ አካባቢ የሚዘራውን የማሳ ስፋት ከሚወስኑት ነገሮች የመጀመሪያው ውኃ ነው። ስንዴ ከዘር እስከ አጨዳ እንደ አየሩ ሁኔታ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። አበባ በሚያወጣበትና ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ በቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢፈልግ፣ ይህ ለአንድ ሔክታር 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። በቦይ ሲጠጣ ግማሹ በመንገድ ቢሰርግ ከወንዙ መጠለፍ የሚኖርበት 100 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚፈስ ምንጭ በቀን የሚሰጠው 864 ሜትር ኩብ በመሆኑ ከ8 ሔክታር ተኩል ብዙም የማይበልጥ ማሳ ያጠጣል። ከዚህ በላይ የተዘራው ማሳ በኅዳር ለምልሞ ቢታይም የወንዞች ውኃ በሚቀንስበት በየካቲት ሊጠማ ይችላል።

ውኃውን የሚፈልገው ደግሞ ስንዴ ብቻ አይደለም። እሸት ቡና የሚያጥቡ ጣቢያዎች ከፍተኛ ውኃ የሚጠቀሙት በእነዚሁ ወራት ነው። ከማጠቢያ የሚወጣው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባም ከበታች የሚገኘውን ተጠቃሚ ይጎዳል። ጨፌዎችን አጠንፍፎ መዝራት ለአንድ ዓመት መሬት የሚያስገኝ ቢመስልም፣ ጨፌው ውኃ መያዙን ሲያቆም ለከርሞው የሚጠለፈው ምንጭ ይመነምናል።

ሁለተኛው ነገር የሰው ጉልበት ነው። በጅማ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የበጋ ስንዴ የሚዘራው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አንድ ቤተሰብ ቡናውን እየለቀመ፣ እያደረቀና እየጠበቀ በዚያው ሳምንት ማሳ ማረስ፣ ቦይ መቅደድና ውኃ ማጠጣት ይጠበቅበታል። በደቦና በዳዶ የሚገኘው እገዛም ቢሆን በቡና ለቀማ ወቅት ይሳሳል። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም የአረቢካ ቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። የቡና ዋጋ እንዲህ ሲንር የለቃሚ የቀን ክፍያም ስለሚጨምር፣ አርሶ አደሩ ጉልበቱን ወደ ቡናው ማዘንበሉ የሚያስገርም አይሆንም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጊዜ ስሌት ነው። ጅማ በዓመት 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል። በ120 ቀናት የሚደርስ ዝርያ ኅዳር 10 ቢዘራ መጋቢት 10 ገደማ ለአጨዳ ይበቃል። ይኸው ዘር ቡናው እስኪለቀም ተጠብቆ ጥር 10 ቢዘራ ግን የሚደርሰው ግንቦት 10 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የበረታው ዝናብ የደረሰውን ዛላ አርሶ ፍሬው በአገዳው ላይ እንዳለ እንዲያቆጠቁጥ ያደርጋል። ያቆጠቆጠ ስንዴ ለዳቦ አይመችም፤ ለዘርም አይሆንም። ከዚህም በላይ ማሳው ሳይለቀቅ የበቆሎ መዝሪያ ጊዜ ያልፋል። በመሆኑም በጥር የተጨመረ ሔክታር በሪፖርት ላይ ስፋትን ቢያሳድግም ለአርሶ አደሩ ጎተራ ላይተርፍ ይችላል።

የግብዓት ዋጋም የራሱ ድርሻ አለው። ለአንድ ሔክታር እስከ 1 ኩንታል ተኩል ምርጥ ዘር፣ በተጨማሪም ማዳበሪያና ለውኃ ፓምፕ ነዳጅ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ብሎ ለመዝራት የሚያነሳሳ ቢሆንም፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዋጋም አብሮ ንሯል። ፓምፕን በጋራ መጠቀምና በኩታ ገጠም ማረስ ወጪውን የሚያቃልሉት ውኃው ለሁሉም ሲደርስ ነው።

የሰብል በሽታ ሌላው ስጋት ነው። በ2003 ዓ.ም የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ እንደ ኩብሳ ባሉ በስፋት ይዘሩ በነበሩ ዝርያዎች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። በ2006 ዓ.ም ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ አጥቅቷል። የዋግ ፈንገስ በኢትዮጵያ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገረው በዋናነት በሕይወት ባለ የስንዴ ተክል ላይ ነው። ስንዴ በበጋም በመኸርም ከማሳ ሳይጠፋ ሲቀር በሽታው መጠለያ ያገኛል። ስለሆነም ማሳው በሰፋ መጠን በሽታን የሚቋቋም ዝርያ መምረጥና በየሳምንቱ ማሳን መፈተሽ አስፈላጊነቱ ይጨምራል።

ከላይ የተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚያመለክቱት በቡና አገር የበጋ ስንዴ ስፋት በዋናነት የሚወሰነው በጥቅምትና በኅዳር ባሉት ጥቂት ሳምንታት መሆኑን ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና አርሶ አደሩ በጥቅምት ወር የምንጩን ፍሰት ቢለኩ፣ ለለቀማ የሚያስፈልገውን ጉልበት ቢቆጥሩና ከዝናቡ መግቢያ ወደ ኋላ ቀን ቢያሰሉ፣ ሊጠጣና በጊዜው ሊታጨድ የሚችለውን ማሳ አስቀድመው ማወቅ ይችላሉ። የሚመለከታቸው አካላትም የታቀደውን፣ የታረሰውን፣ የተዘራውንና የታጨደውን ለየብቻ መመዝገብ ይጠበቅባቸዋል።

አንድ ዓመት የተዘራው መሬት ካለፈው ዓመት ቢያንስ ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት ተደርጎ መወሰድ አይገባውም። ውኃው ያነሰበት ወይም ቡናው የበዛበት ዓመት ሊሆን ይችላልና። በአንጻሩ የተዘራው ስፋት ጨምሮ የታጨደው ካልጨመረ፣ ዘሩም ጉልበቱም ባክኗል። ለበቾ ቦሬ ነዋሪ ዳቦ የሚሆነው በጊዜው ደርሶ፣ ደርቆና ተወቅቶ ገበያ የወጣው ስንዴ ነው።